ወደ ታች የሚያየው ዘላይ

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ ረጅሙ የሥራ ማመልከቻ ነው፤ እሱም አልተሳካም። ይህንን እንድጽፍ ያደረገኝ የእናቴ ወንበር ነው። መቀመጫው ተቀዶ ሽቦው ወጣና ቀሚሷን ይይዝባት ጀመር። "ወስደህ አሠራልኝ፣ አለዚያ ቆሜ መብላቴ ነው" አለችኝ። ተሸክሜው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ወዳለው ሶፋ ቤት ሄድኩ።

በሩ ላይ ስደርስ ከውስጥ አንድ ሰው "ወደ ታች!" ብሎ ጮኸብኝ።

ስድብ መሰለኝ። ደንግጬ ቆምኩና ወደ ታች ሳይ እግሬ ሥር ደረጃ አለ። እንደተሸከምኩ ብገባ ኖሮ በአፍጢሜ እደፋ ነበር። የጮኸው ሰውዬ የሶፋ መርፌ ይዞ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፊቴን አላየም፤ ያየው ጫማዬን ነው። ንቆኝ ነው ብዬ ተቀየምኩ። እኔ ደግሞ ስቀየም አፌ ይያዛል። ወንበሩን አስቀምጬ ወጣሁ።

ወንበሩ ነገ፣ ነገ እየተባለ ቶሎ አላለቀም። ስመላለስ ቁጭ ማለት ለመድኩ፤ እሱም እየሰፋ ትንሽ ትንሽ አወራኝ። እሱ ያስቀረውን እህቱ ሞላችልኝ። ስሜን አትጻፍ ብሎኛል። ድሮም በስሙ የሚጠራው ሰው ስላልነበረ እኔም ሁሉም እንደሚለው "ሳንቲም" እለዋለሁ። ከዚህ በኋላ እኔ ከመሃል ልውጣ፤ ታሪኩ የእሱ ነው።

ሳንቲም እናቱን አያስታውስም። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት፤ "እትዬ" ይላታል። ሶፋ ሠሪውን ስታገባ ከድስቶቿ ጋር ይዛው ገባች። ሶፋ ሠሪው እጁ ወርቅ ነው፣ አፉ ግን ምላጭ። ሰውን የማውቀው በመቀመጫው ነው ይል ነበር። ያረጀ ሶፋ ሲፈታ "ይሄ ሰውዬ ሚስቱን ይፈራል፣ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው" ብሎ ይፈርዳል። ሳንቲምን ለደንበኛ ሲያስተዋውቅ ደግሞ "ሚስት ሳገባ እሱን በምርቃት ሰጡኝ። ምርቃት እንደምታውቁት ሁልጊዜ የተበላሸው ነው" ይላል። ደንበኛው ይስቃል። ሳንቲምም አብሮ ይስቃል። ምን ያድርግ? የሚተኛው በሰውዬው ስፖንጅ ላይ ነው።

እውነትም የሚተኛው ሶፋ ቤቱ ውስጥ፣ የተረፈ ስፖንጅ የሚከመርበት ጥግ ነበር። ጠዋት ደንበኛ ቀድሞት ከመጣ በደንበኛው እግር ይቀሰቀሳል። ከጎናቸው ፀጉር ቤት አለ፤ ፀጉር ቤቱ ቴሌቪዥን አለው። አንድ ቀን በመስኮቱ ሲያይ አንድ ሰው ከቁመቱ በጣም የሚበልጥ ዘንግ ይዞ ሮጠ። ዘንጉን መሬት ውስጥ ተከለው። ዘንጉ እንደ ቀስት ጎበጠ፣ ከዚያ ሰውዬውን ወደ ላይ ተፋው። ሰውዬው ከላይ የተጋደመውን አግዳሚ እንጨት እንደ ጭስ አለፈው።

ፀጉር አስተካካዩ "ምርኩዝ ዝላይ ይባላል። የሥራ ፈት ስፖርት ነው" አለ።

በማግስቱ የሶፋ ቤቱ ሸራ በደንበኛ ራስ ላይ ወረደ። ሸራውን የሚደግፈው ቀርከሃ የለም። ሳንቲም ከቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ቀርከሃውን ይዞ እየተንደረደረ ነበር። ሶፋ ሠሪው በእንጨት ሜትር ጀርባውን እየመታ "ወደ ላይ ዘለህ የት ልትደርስ ነው? መሬት እንደሆነች የትም አትሄድ፣ ቁጭ ብላ ትጠብቅሃለች!" አለው። ሳንቲም ይህችን ንግግር እስከ ዛሬ ይደግማታል። እውነቱን ነበር ይላል።

ግን አልተወም። ቁርጥራጭ ስፖንጅ በከረጢት ጠቅጥቆ ፍራሽ ሠራ። ሁለት እንጨት ተክሎ ገመድ ወጠረ። ዘንጉ የሚገባበትን ጉድጓድ በመሮ ቆፈረ። ችግር የሆነው ጉድጓዱ ነው። ባዶ ቦታ ላይ ያለ ጉድጓድ የሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ መጣያ ነው። አንድ ቀን ጠርሙስ፣ አንድ ቀን ድንጋይ፣ አንድ ቀን የሞተች ድመት ያገኝበታል። አንዴ ሳያይ ድንጋይ ላይ ተከለና ዘንጉ ሸርተት ብሎ ተመልሶ አፉን መታው። የፊት ጥርሱ ያኔ ነው የሄደው። ከዚያ ወዲህ ሮጦ ሮጦ ጉድጓዱ ጋ ሊደርስ ሲል አንገቱን ደፋ አድርጎ ያያል። ባዶ ነው? ይዘላል። ጥርሱ የተማረውን ዓይኑ አልረሳም።

ካደገ በኋላ አንድ ክለብ ምርኩዝ ዘላይ ይፈልጋል ሲባል ሰማና ሄደ። ክለቡ ሙከራ ላይ ያሉትን ያሠለጥናል እንጂ አያሳድርም። ዝናቡ ሊያባራ ሲል ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቆሞ የሚያየው ፈተና አለ፤ ከሁሉም አንድ ሰው ይወሰዳል። አንድ ብቻ። የተወሰደው ደመወዝ አለው፣ ምግብ አለው፣ ግቢው ውስጥ አልጋ አለው። ሳንቲም ያማረው አልጋው ነበር። በልጅነቱም በወጣትነቱም "ተነስ፣ ሰው መጣ" የማይባልበት አልጋ ላይ ተኝቶ አያውቅም።

ሶፋ ሠሪው ቁርጡን ነገረው። "እስከዚያ ዝለል። ከዚያ በኋላ ወይ እዚያው ታድራለህ፣ ወይ መርፌ ይዘህ እዚህ ትቀመጣለህ። ሁለት ቤት የምታድር ድመት ብቻ ናት።"

"እሺ ጋሼ።"

"እሺማ ትላለህ። የአንተ እሺ እንደ ስፖንጅ ነው፤ ትልቅ ይመስላል፣ ሲያነሱት ግን አይከብድም።"

የክለቡን አሠልጣኝ ፊት ለፊቱ "ኮች"፣ ከጀርባው "ሚስማር" ይሉታል። ቀጥ ያለ ቀጭን ሰው ነው። ሰውም እንደ ሚስማር አናት አናቱን ካልመቱት አይገባም ብሎ ያምናል። የመጀመሪያው ቀን ሳንቲም እንደለመደው ሮጠ፣ አቀረቀረ፣ ዘለለ። አግዳሚውን ይዞት ወረደ። ሚስማር ቀስ ብሎ መጣ።

"ምን ጠፋህ?"

"ምንም አልጠፋኝም ኮች።"

"ታዲያ መሬት ላይ ምን ትፈልጋለህ? ሳንቲም?"

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ስሙ በዚያው ወጣለት።

"ጉድጓዱ ክፍት መሆኑን ለማየት ነው ኮች።"

"ስማኝ። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው። አናትህ ሲወርድ ትከሻህ ይወርዳል። ትከሻህ ሲወርድ እጅህ ይዘገያል። እጅህ ከዘገየ ዘንጉ አይጎብጥልህም፤ ከሥሩ እንደ ታጠበ ልብስ ትንጠለጠላለህ። ዝላይህ የተበላሸው እግርህ ላይ አይደለም፣ ዓይንህ ላይ ነው። ገባህ?"

"ገባኝ። ግን ጉድጓዱ..."

"ጉድጓዱ የእኔ ነው!"

ጉድጓዱ በብረት የተለበጠ ነው። ሯጮችም በዚያው ስለሚያልፉ እግር እንዳይገባበት፣ ሲዘንብም ውሃ እንዳይሞላው ክዳን አለው። ክዳኑ ልክ የመንደርደሪያውን አፈር የመሰለ ቀለም ተቀብቷል። ሲከደን ጉድጓድ መኖሩም አይታወቅ። የሚስማር ሕግ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ክዳኑን ዘላይ አይነካውም። ራሱ በእግሩ ገፋ አድርጎ ይከፍተዋል፣ ከፍራሹ ጀርባ ሄዶ ይቆማል፣ "ክፍት!" ብሎ ይጮኻል። ያኔ ዘላዩ ይነሳል።

"ክፍት ካልኩ ክፍት ነው" አለው። "ዘላይ ያምናል። የሚጠራጠር ሰው ሄዶ ሶፋ ይስፋ።"

ሶፋ ቤት እንደሚኖር ማን እንደነገረው እንጃ።

ሚስማር አመሉን ማስተው የጀመረው በካርቶን ነው። ከጫማ ካርቶን ቆርጦ አንገቱ ላይ እንደ ኮሌታ አሰረለት። ሳንቲም አገጩን ዝቅ ካደረገ የካርቶኑ ጠርዝ ጉሮሮውን ይገዘግዘዋል። ሌሎቹ ውሻ እንደሚጠሩ ያፏጩበታል። ቀጥሎ ጣት መጣ። ሚስማር ከፍራሹ ጀርባ ቆሞ እጁን ወደ ላይ ያነሳና ጣቶቹን ያሳያል፤ ሳንቲም እየሮጠ ስንት እንደሆኑ ጮክ ብሎ መናገር አለበት። መሬት ያየ ሰው ጣት አያይም። ከሳተ ቅጣት አለ። የሚቀጣው ግን እሱ አይደለም። ሌሎቹ ዘላዮች ሜዳውን ይዞራሉ፣ እሱ ጥላ ሥር ወንበር ተሰጥቶት ቁጭ ብሎ እንዲያያቸው ይደረጋል።

የገደለው ይሄኛው ነው። ካርቶን ቢቆርጥ ይድናል። ሰው ላብ በላብ ሆኖ በፊትህ ሲያልፍ የሚያይህ ዓይን ግን አይድንም።

ከዘላዮቹ መሃል "ረጅሙ" የሚባል ነበር። ከሳንቲም ሌላ አልጋውን ያገኛል ተብሎ የሚገመተው እሱ ነው። ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ሰው ሁሉ ይወደዋል። ዞሮ ዞሮ ሲመጣ ሳንቲም ፊት ይቆምና እያለከለከ "ወንድሜ፣ አንተ ሳንቲም ትለቅማለህ፣ እኛ በእግራችን እንከፍላለን" ይለዋል። ጫማው ውስጥ እርጥብ አሸዋ ሞሉበት። ሊሮጥ ሲል ደግሞ መንደርደሪያው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ እየበተኑ "ኧረ ሳንቲም! ኧረ እዚያ ጋ አንዱ ተንከባለለ!" ይላሉ። አንድ ቀን ዓይኑ ቁልፉን ተከትሎ ሄደ። ሚስማር ራሱ ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ፣ "የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሸምጣጣ" አለና ሁሉንም እንደገና አስሮጣቸው።

ማታ ማታ እህቱ አንገቱን ቫዝሊን ትቀባዋለች።

"ሰው ነው የሚያሠለጥነው ወይስ በሬ ነው የሚጠምደው?"

"ልክ ነው እኮ እትዬ። ከፍ እያልኩ ነው።"

"አንገትህ ግን እያለቀ ነው።"

ከፍ እያለ መሆኑ እውነት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ ሮጠ፣ "አራት!" ብሎ ጮኸ፣ ትክክል ነበር። ዓይኑ ሰማይ ላይ እንደተሰካ እጁ ራሱ ሰዓቱን ጠብቆ ተነሳ። ዘንጉ በእጁ ውስጥ ሲጎብጥ ተሰማው፤ እስከዚያ ቀን ዘንግ ይሸከም ነበር እንጂ ዘንግ ተሸክሞት አያውቅም። እግሮቹ ከራሱ በላይ ሄዱ። አግዳሚው ከሆዱ በታች ሲያልፍ ምንም ድምፅ አልነበረም ይላል። ሚስማር አላመሰገነውም። አግዳሚውን ከፍ አደረገውና "ድገም" አለ። ሲወጡ ግን በጎኑ ሲያልፍ "ዛሬ ሰው መሰልክ" አለው። ሳንቲም ይህችን ይዞ እስከ ቤቱ እየሳቀ ሄደ። መንገድ ላይ ቦይ ውስጥ ገባ።

ቦይ ውስጥ መግባቱ ቀልድ አይደለም። አመሉ ለቀቀው፤ ሲለቀው ደግሞ ጨርሶ ለቀቀው። ቤት ውስጥ የውሃ ባልዲ ይደፋል፣ የመርፌ ሣጥን ይገለብጣል፣ የተቀደደ ሶፋ ላይ ይደናቀፋል። ሶፋ ሠሪው እየጮኸ፣ "ድሮ መሬት ታይ ነበር፣ አሁን ደግሞ ጣሪያ! ኧረ መሃል ላይ ሰው አለ!" ይላል።

ፈተናው ሲቃረብ እህቱን "ዘንድሮ ሳታይኝ እንዳትቀሪ" አላት። ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ሶፋ ቤት ገብታ ክር ስትጠቀልል ጠየቀችው።

"ከዚያ ሁሉ ከፍታ ስትወድቅ አያምህም?"

"የጨዋታው ማለቂያ መውደቅ ነው እትዬ። ፍራሽ አለ። ስወድቅ ካየሽ አለቀ፣ አጨብጭቢ።"

"ስትወድቅ ላጨብጭብ?"

"አዎ። ሁሉም የሚያጨበጭበው ያኔ ነው።"

የፈተናው ቀን ካፊያ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ዘገየ። ሌሎቹ በየተራ ዘለው ከፈተናው ወደቁ፤ ሳንቲምና ረጅሙ ቀሩ። ረጅሙ የመጨረሻውን ከፍታ ሞክሮ አግዳሚውን በጉልበቱ ጣለው። ሳንቲም ካለፈው አልጋው የእሱ ነው። ሚስማር ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ "ሥራ አስኪያጁ ሳይመጣ አትዘልም። ያየው ካልሆነ ዋጋ የለውም" አለው። ካፊያው ጉድጓዱን እንዳይሞላው ብሎም ሄዶ ክዳኑን ገጠመው። ጥሩ አሠልጣኝ ነበር፤ እንዲህ ያለውን አይረሳም።

እህቱ ዳር ላይ ከተሰበሰበው ሰው ጋር ቆማለች፤ ራሷ ላይ ላስቲክ አድርጋለች።

መኪናው መጣ። ሚስማር ጃንጥላ ይዞ ሮጠ። ለሥራ አስኪያጁ በሩን ከፈተ፣ ጃንጥላውን ያዘለት፣ ወንበር በመሀረቡ ጠረገ፣ መሀረቡን አነጠፈ። ሥራ አስኪያጁ አልተቀመጠም። ሰዓቱን እያየ "ቶሎ በሉ እንጂ፣ ስብሰባ አለኝ" አለ። ሚስማር ጃንጥላውን ለሰው አስጨብጦ በፍራሹ ጀርባ በኩል ዞሮ ሮጠና ቦታውን ያዘ። ከዚያ ቦታ ፍራሹ ስለሚጋርድ ጉድጓዱ አይታይም። አፉ ግን እዚያ ቦታ ሲቆም የሚለውን ያውቃል።

"ክፍት!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል።

ረጅሙ መንደርደሪያው ዳር፣ ጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ ላቡን እየጠረገ ነበር።

ሳንቲም ተነሳ። ሮጠ። አንገቱ ቀጥ ብሏል፤ ካርቶኑ ከወለቀ ቆይቷል፣ ጠባሳው ግን አለ። እርጥቡ መንደርደሪያ ከሥሩ ያብረቀርቃል፤ እሱ አላየውም። ያየው ከአግዳሚው በላይ የተነሳውን እጅ ነው።

"ሦስት!" ብሎ ጮኸ። ትክክል ነበር።

እጁ በሰዓቱ ተነሳ። ትከሻው በሰዓቱ ተከፈተ። እንደዚያ ቀን አስተካክሎ ዘሎ አያውቅም። ዘንጉ የብረቱን ክዳን መታና ሸርተት ብሎ ከሥሩ ወጣ። ሳንቲም በሙሉ ኃይሉ ወደ ፊት ተወረወረ፤ ፍራሹ ላይ አልደረሰም። አግዳሚው የሚቆምበት ብረት እግር ላይ በዳሌው አረፈ።

ሜዳው ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መሃል አንድ ሰው አጨበጨበ። እህቱ ናት። ወደቀ፣ አለቀ ብላ ነው። እያጨበጨበች ግራ ቀኝ አየችና ሌላ የሚያጨበጭብ ሰው አጣች። እጆቿ አየር ላይ ቀሩ። እስከ ዛሬ ሰርግ ቤት እንኳን አታጨበጭብም።

ሚስማር ከፍራሹ ጀርባ ዞሮ መጣ። ክዳኑን አየው። ከዚያ ሳንቲምን አየው።

"ዓይንህ የት ነበር?" አለው።

ሳንቲም ፊቱ ጭቃ ውስጥ ነው። የተጠየቀው የጣቱን ቁጥር መሰለው።

"ሦስት ነው ኮች" አለ።

ሥራ አስኪያጁ "ስንት ናቸው የቀሩት?" ብሎ ጠየቀ። ረጅሙ ነው የቀረው አሉት። እሱም አልፎ አይደለም፣ ግን ሌላ የለም። ሥራ አስኪያጁ ወደ መኪናው እየገባ "እንግዲህ የቆመውን ውሰዱ" አለ።

ክለቡ ነገሩን ሲያጣራ ሚስማር "ሳልፈቅድለት ነው የሮጠው" አለ። ሌሎቹ ዘላዮችም ተጠየቁ፤ ሳይፈቀድለት ነው አሉ። በእሱ ምክንያት የዞሩትን ዙር ሁሉ ያኔ አስከፈሉት። አንዱማ "ድሮም ቸኳላ ነበር" አለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

አጥንቱ ገጠመ፣ ግን ዞሮ ገጠመ። አንዱ እግሩ አጠረ። ከተኛበት ሲነሳ የእንጨት ምርኩዝ ሰጡትና ወደ ሶፋ ቤት ተመለሰ። ሶፋ ሠሪው በሩ ላይ ቆሞ አየውና "ምርኩዝ ዝላይ አልነበር የምትለው? ይኸው፣ ዝላዩ ሄደ፣ ምርኩዙ ቀረልህ" አለ። ብቻውን ሳቀ።  እህቱ ብዙ ቀን ለባሏ ድስት አልጣደችም፤ እሱም ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ዳቦና ሻይ እየበላ ሰነበተ። እውነት ለመናገር ግን በእነዚያው ቀናት ሶፋ ሠሪው አንድ ወንበር ይዞ ሲቆርጥ፣ ሲለካ፣ እንደገና ሲቆርጥ ነበር። ዝቅ ያለች፣ መቀመጫዋ ወደ ግራ ያዘነበለች ወንበር ሠራ። "በምርቃት የመጣ ዕቃ ልክ የለውም፣ ወንበርም ይፈጃል" ብሎ እየተሳደበ ሰጠው። ሳንቲም ሲቀመጥባት ዳሌው አላመመውም። መርፌውንም በዚያው ቀን አስጨበጠው።

ዓመታት አለፉ። ሶፋ ሠሪው ዓይኑ ደከመ፤ አሁን አፉ ብቻ ነው የሚሠራው። ሥራው በሳንቲም እጅ ነው። አንድ ቀን ረጅሙ በጋሪ የተጫነ ትልቅ የፍራሽ ልብስ ይዞ መጣ። የክለቡ ፍራሽ ተቀዶ ነው። እሱም መዝለል ትቷል፤ የሚስማር ረዳት ሆኖ ሆድ አውጥቷል። ሰላም ተባባሉ። ሳንቲም ልብሱን ገለጠና ቀዳዳውን ማየት ጀመረ። ረጅሙ አልሄደም።

"አንተ፣ ያቺን ቀን... አየሁት" አለ።

"ምኑን?"

"ክዳኑን። ስትነሳ ጀምሮ አየሁት።"

ሳንቲም መርፌውን ወጋ፣ ሳበ።

"ራሱ ያያል ብዬ ነው" አለ ረጅሙ።

"እንደማላይ ታውቅ ነበር። የማላይ እስክሆን እኮ ሜዳውን የዞርከው አንተ ነህ።"

 ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የረጅሙ ዝምታ ግን ነቅዞ ነበር፣ ከፊቱ ላይ ይታያል።

"ለመናገር ጊዜ ነበረህ?"

"ለአንድ ቃል የሚበቃ ጊዜ ነበር።"

"ምን ብትል ይበቃ ነበር?"

 "'ወደ ታች' ብል ይበቃ ነበር" አለ።

ሳንቲም አልተሳደበም፣ አላለቀሰም። የፍራሹን ልብስ ሰፍቶ ጨረሰ። ጥሩ ስፌት ነው፤ ክለቡ አሁንም ይጠቀምበታል። ከዚያ ቀይ የሶፋ ቆዳ ከመደርደሪያ አወረደ፤ ከሩቅ ዓይን የሚወጋ ቀይ ነው። በክዳኑ ልክ ቆርጦ፣ ጠርዙን አጥፎ ሰፋና "ይህን ክዳኑ ላይ ለጥፉበት" ብሎ ለረጅሙ ሰጠው። ረጅሙ ክዳኑ አሁንም የመንደርደሪያው ቀለም ነው ብሎት ነበርና።

ከጥቂት ቀን በኋላ ረጅሙ ቀዩን ቆዳ ጠቅልሎ መልሶ አመጣው።

"ኮች አልፈልግም አለ።"

"ለምን?"

"'ቀይ ከሆነ ዘላዮቼ ወደ ታች ያያሉ፤ አመል ያበላሽብኛል' አለ።"

ሳንቲም ሳቀ። እህቱ እንደነገረችኝ ከወደቀ ወዲህ እንደዚያ ስቆ አያውቅም፤ ሲስቅ ዳሌውን አመመውና እየሳቀ "ውይ፣ ውይ" ይል ነበር። ቀዩን ቆዳ አልጣለውም። ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ወጠረው። "ወደ ታች!" እያለ በር ላይ መጮህ የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው። ሶፋ ሠሪው "ደንበኛ አስደነገጥክብኝ" ይለዋል። ደረጃውን በሲሚንቶ ማስተካከል የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ ግን ማንም አልነካውም። ሳንቲም ይሁን ይላል። ሰው ሁሉ ቤት ውስጥ ደረጃ አለው፤ ልዩነቱ የሚነግርህ ሰው መኖሩ ነው ይላል።

የእናቴ ወንበር ተሠርቶ ቤት ገባ። አሁን ተቀምጣ ትበላለች።

እናንተ የምታነቡት፣ እባካችሁ ሂዱና ጠይቁት። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ከፀጉር ቤቱ ቀጥሎ፣ አንጀቱ የወጣ ሶፋ በር ላይ ያለበት ቤት ነው። የተሰበረ ዕቃ ካላችሁ ያዙ፣ ከሌላችሁም ባዶ እጃችሁን ሂዱ። ስለ ዝላይ አትጠይቁት፤ ስለ ስፖንጅ ጠይቁት፣ ዝላዩ ጋ ራሱ ይደርሳል። አታልቅሱለት፣ አይወድም። ጫማችሁን ቢያይ ንቀት አይደለም። ቀዩ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ተመችቶ የተሠራ ነው፣ ሰውም ብዙ አይቀመጥበትም። በሩ ላይ ሲጮህባችሁ ደግሞ እንደ እኔ አትቀየሙ። ቆም በሉ፣ እግራችሁ ሥር እዩ፣ ከዚያ ግቡ።